ሲሾም ያልጻፍነውን፣ ሲሻር አንጠይቀውም

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ ሴቭ ያድርገውና ማታ ይመለስበት።

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ያደጋችሁበትን ከተማ በመጀመሪያ ያስተዳደረው ሰው ስሙ ማን ነበር? እንጅባራ ይሁን፣ ዳንግላ ይሁን፣ ቻግኒ ይሁን፣ ወይም እንደኛ ጥርባ ያለ ትንሽ ቦታ። የነገሥታት ስም ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከአፄ ቴዎድሮስ ጀምራችሁ እየተሽቀዳደማችሁ ትደረድሩልኝ ነበር። የዓድዋን የጦር አዝማቾችም አታጡም። ገበያውን ማን እንደተከለ፣ መንገዱን ማን እንዳስጠረገ፣ ውኃው በማን ዘመን እንደገባ ግን ብጠይቅ ዝም ዝም ነው። በእናንተ አልፈርድም፤ መጽሐፉም አልነገራችሁም።

ይሄን ያመጣው ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ሰሞኑን ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የከተማ ፖለቲከኞች ሳነብ ነበር። የሚገርመው የፕሬዚዳንቶቻቸው ታሪክ አይደለም፤ እሱማ ይጠበቃል። የሚገርመው የአንድ ከተማ ምክር ቤት አባል የነበረ ሰው እንኳ መቼ እንደተወለደ፣ ምን ነግዶ እንደኖረ፣ በስንት ዓመቱ እንደተመረጠ፣ በምን እንደተከሰሰና የት እንደተቀበረ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ መገኘቱ ነው።

ለምሳሌ ዊሊያም ትዊድ የሚባለውን የኒውዮርክ ሰው እንውሰድ። በ1823 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ከተራ ቤተሰብ ወጥቶ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ቀስ በቀስ «ታማኒ ሆል» የሚባለውን የፓርቲ ድርጅት በእጁ አስገብቶ ከተማዋን እንደ ግል ጓሮው ያዛት። በእሱ ዘመን አንድ የፍርድ ቤት ሕንፃ ተጀመረ። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ምንጣፍ አቅራቢው ሁሉ ሂሳቡን እያናረ ያቀርባል፤ ትርፉ ለትዊድና ለጓደኞቹ ይከፋፈላል። ሕንፃው ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ። አሜሪካ አላስካን የሚያህል አገር ከሩሲያ የገዛችው እኮ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ነው!

ታዲያ ምን ጣለው? ጦር አልመጣበትም፤ የጣለው የሂሳብ መዝገብ ነው። የወጪው ዝርዝር ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ በ1871 እ.ኤ.አ. ጋዜጣ ላይ ታተመ። ቶማስ ናስት የሚባል ሠዓሊ ደግሞ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንኳ እንዲገባው በካርቱን ሣለው። ትዊድ ታሰረ፤ አምልጦ እስፔን ድረስ ሄደ፤ እዚያም በዚያው ካርቱን ለይተውት መለሱት ይባላል። በ1878 እ.ኤ.አ. እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ይሄን የነገርኳችሁ አሜሪካኖች ጻድቃን ናቸው ለማለት አይደለም። እንዲያውም ሌባቸው የእኛን ሌባ ያስንቃል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ሌባው የተያዘው ተጽፎ ስለነበረ ነው። መልካም የሠራውም የሚመሰገነው ተጽፎ ስለቆየ ነው። አንድ ወረቀት ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

እኛም ጋ የከተማ ሹም ነበረ፤ «ከንቲባ» የሚለው ቃል ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ከነበረችበት ዘመን ጀምሮ የከተማዋ አስተዳዳሪ ከንቲባ ይባል ነበር። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ያቋቋመችው በምኒልክ ዘመን ማብቂያ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ከንቲባዋም ወልደ ጻድቅ ጎሹ ናቸው። ስማቸውን ከእናንተ ስንቶቻችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከእነዚህ ከንቲባዎች መካከል የእኔን ልብ የሚይዙት ግን ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። የተወለዱት ከዳንግላ ወደ ሰሜን፣ ከጣና በስተ ምዕራብ ባለው በአለፋ ነው። ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም። ዘመኑ አፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት፣ 1847 ዓ.ም. ገደማ ነው። የልጅነት ስማቸው ጎባው ነበር። በልጅነታቸው ከአውሮፓ ሚሲዮናውያን ጋር ተገናኙና፣ ከመቅደላ በኋላ ኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ባለው በቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት ተማሩ። የአለፋ ልጅ በዚያ ዘመን ጀርመንኛና እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ሲናገር ይታያችሁ። ሲመለሱ በአፄ ምኒልክ ዘመን በአስተርጓሚነት አገለገሉ፤ በኋላም የጎንደር ከንቲባ ሆኑ።

ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው በጣት ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ሰው በቤተ መንግሥት ደጅ ብቻ አልቀረም፤ ከተማ አስተዳደረ። ከተማ ማስተዳደር ማለት የገበያ ጠብ መዳኘት፣ ቀረጥ ማስገባት፣ ሌሊት ዘብ ማስጠበቅ፣ ከካህኑም ከነጋዴውም ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ጋር ተስማምቶ ማደር ነው። ይሄ ሥራ ከዘመቻ አይቀልም።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። አንደኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ፣ በክረምት 1911 ዓ.ም. (1919 እ.ኤ.አ.) ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አሜሪካ መልእክተኞች ላኩ። ጉዳዩ ለድሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለትና በ1896 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመውን ውል ጉዳይ ለማንሳት ነው። የልዑካኑ መሪ ደጃዝማች ናደው ነበሩ። አብረዋቸው ከሄዱት አንዱ የጎንደሩ ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ ሌላው ደግሞ በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ይመሩ የነበሩት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ትሰማላችሁ? ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን ካነጋገሩት መልእክተኞቻችን ሁለቱ የከተማ አስተዳዳሪዎች ነበሩ!

እዚያ ሲደርሱ ያዩት ነገርም ቀላል አልነበረም። በዚያ ክረምት ዋሽንግተንና ቺካጎ ነጭና ጥቁር ደም የተፋሰሰባቸው ከተሞች ነበሩ። መንግሥት በክብር ቢቀበላቸውም፣ በኒውዮርክ አንድ ስመ ጥር ክበብ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ሊያስተናግዳቸው እንዳልፈለገ ተጽፏል። እነዚህ ከዓድዋ አገር የሄዱ ሰዎች ናቸው። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መጨፍጨፍ ሲጠየቁም ሐዘናቸውን አልደበቁም፤ የጥቁሮቹ ጋዜጦችም ነገሩን አራገቡት።

ታዲያ ስለ ከንቲባ ገብሩ ዛሬ የሚወራው ይሄው ነው። የት ተማሩ፣ የት ተላኩ፣ ማንን አነጋገሩ። «ከንቲባ» የሚለው ማዕረግ ከስማቸው ተጣብቆ ቀረ፤ የከንቲባነቱ ሥራ ግን ከወሬው ወጥቷል። ለጎንደር ምን ሠሩ ብሎ የሚከራከር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ የታሪክ አወራር እንዲህ ነው። ሰውየው ንጉሥ ፊት ሲቆም እናየዋለን፤ ገበያ መሐል ሲቆም ግን ይጠፋብናል። ሕዝቡ በየቀኑ የሚያገኘው ደግሞ ገበያ መሐል የቆመውን ሹም ነው።

ይሄ ጉዳይ የገባቸው ሰው አብረዋቸው የተጓዙት ኅሩይ ነበሩ። በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ርእስ ተመልከቱ፤ «የሕይወት ታሪክ፤ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ»። ከነገሥታትና ከመኳንንት አልፈው የብዙ ሰው ስምና ሥራ መዝግበው አለፉ። «በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች» ያሉት እኛን ነው። እኛስ ከእኛ በኋላ ለሚነሡት ምን መዘገብን?

የከንቲባ ገብሩ ታሪክ በእሳቸው አላበቃም። ልጃቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። እሳቸውም ስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ አስተማሩ፤ ጣሊያን ሲገባ ከአርበኞች ጎን ቆሙ፤ ተይዘውም አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ «የልቤ መጽሐፍ»ን ጻፉ። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝብ ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ተወዳድረው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። አባትዬው ከላይ ተሾሙ፤ ልጅቷ ከታች ተመረጡ። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ትውልድ ልዩነት! አገር ወደፊት ትሄዳለች የሚባለው እንዲህ ያለውን እርምጃ ይመስለኛል።

እስቲ አሁን ወደ ሰፈራችን።

የእኛን አካባቢ የጥንት ሹማምንት ስም ማን ጻፈልን? የውጭ ሰው። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ የአገው ሽማግሌ የሆነውን የቦታውን አለቃ በስም ጠቅሶ፣ ከምንጩ ጋር ያለውን ነገር ሁሉ ዘርዝሮ አለፈ። ክፍለ ዓባይ ይለዋል። ያ ሽማግሌ ዛሬ ስሙ የሚታወቀው አንድ እንግዳ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ስለመጣ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህም ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። ቆንስሉ ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ተቀምጦ፣ ጣናንና ዓባይን እየዞረ ለክቶ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣ። የአገው ምድርን የዚያን ዘመን ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ወደ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ይሮጣል። የራሳችንን አያት ስም ከባዕድ ደብተር መፈለግ አያሳፍርም ትላላችሁ?

አንችልም እንዳትሉኝ ደግሞ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን ተመልከቱ። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ ማኅበር ንጉሡም ደርጉም ሲያልፉ አልፈረሰም። ጥር 23 በመጣ ቁጥር እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ማኅበሩ መሪዎቹን ይመርጣል፤ ደንብ አለው፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ አባል ሲሞት ይቀብራል። ማን መቼ እንደመራ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም አሉ። ሕዝቡ የራሴ ያለውን ነገር አይረሳም። የሚረሳው የራሱ ያልመሰለውን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የራሳችን ስላልመሰለን ነው ስሙም ሥራውም ከአእምሯችን የሚጠፋው።

ለምን አልመሰለንም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። ባለፈው አንድ መቶ ዓመት ሹም ሲለዋወጥ ኖሯል። የጭቃ ሹምና የአጥቢያ ዳኛ ዘመን ነበረ። ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችበት ዘመን ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ፤ የቀበሌ ሊቀመንበር መጣ። ከዚያ ደግሞ ዞን፣ ወረዳ፣ የከተማ አስተዳደር። አዲሱ በመጣ ቁጥር የአሮጌውን ስም ማንሳት ያስጠረጥር ነበር። መዝገቡ የአይጥ ቀለብ ሆነ፤ በየግርግሩም የተቃጠለው ቤት ይቁጠረው።

በወረዳና በቀበሌ ምክር ቤት ደረጃ ድምፅ የሰጠነው ለመጨረሻ ጊዜ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ኃላፊ ይነሳል፣ ኃላፊ ይቀመጣል። ለምን እንደተነሳ አይነገረንም፤ ምን እንዳደረገም አይጻፍም። ወይዘሮ ስንዱ ከተራመዱት እርምጃ እኛ ወደ ኋላ መለስ ያልን አይመስላችሁም?

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ኪስ ይነካል። አንድ ዘመዴ የአባቱን ቦታ ጉዳይ ይዞ ወደ አንድ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰ። የመጀመሪያው ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ተባለ። ሁለተኛው ቀን «ያ ኃላፊ ተዛውሯል»። ሦስተኛው ቀን «ፋይሉን አልተረከብንም»። አራተኛው ቀን «ምስክር አምጣ»። ምስክሮቹ ደግሞ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ ጆሮው አይሰማም። አባቱ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝ ባይገኝ ኖሮ ያ ሰው ቦታውን አጥቶ ነበር። አያችሁ? አንድ ሹም ለተተኪው በወጉ ሳያስረክብ ሲሄድ የሚከፍለው ተራው ሕዝብ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ይሄ ተረት የሕዝባችን ጠባይ ነው ብዬ አላምንም። ይሄ ተረት የሚሠራው ማንም በማይጽፍበት አገር ነው። ዛሬ በልቶ ነገ ሲሻር የሚጠይቀው እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ይበላል። በንጽሕና ሠርቶ ነገ ሲሻር የሚያስታውሰው እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ይታክታል። ባለመጻፋችን ሌባውን ደበቅን፤ ደጉን ሰው ደግሞ ቀበርን።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ በዚህ የጭንቅ ጊዜ ይሄ የቅንጦት ወሬ አይሆንም ወይ?» ትሉኛላችሁ። መልሴ ይሄ ነው። ጭንቅ ሲሆን እኮ ነው ሽማግሌ ቶሎ ቶሎ የሚያልፈው፤ ጭንቅ ሲሆን ነው ወረቀት የሚቃጠለው። ሰላም እስኪሆን ብለን ብንጠብቅ የሚጻፈው ነገር ራሱ አይጠብቀንም። «ሹም ማወደስ ነው» የሚልም አይጠፋም። አይደለም። የትዊድንም ታሪክ የጻፉት ሊያወድሱት አይደለም። ይሄን ሠራ፣ ይሄን አጠፋ፣ ይሄን ጀምሮ ተወ ብሎ ማስፈር ነው፤ ፍርዱ ለአንባቢው።

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው።

በየወረዳውና በየማዘጋጃ ቤቱ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ልጆቼ አላችሁ። ኃላፊ ሲቀየር ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። ቃለ ጉባኤ አትጣሉ። አሮጌ ፋይል ለሱቅ መጠቅለያ እንዳይሆን ጠብቁት። ስልካችሁ ካሜራ አለው፤ የሚያረጀውን ገጽ ፎቶ አንሱት።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሌላ ቦታ ታሪክ የምታጠኑ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ጠፋን አትበሉ። የእያንዳንዷ ትንሽ ከተማ የአስተዳዳሪዎች ታሪክ አንድ ርእስ ነው። በአማርኛም በአውኝም ጠይቁ፤ ሽማግሌ በአፍ መፍቻው ሲያወራ ሌላ ሰው ነው። እናቶችንም ጠይቁ። ውኃ በማን ዘመን እንደገባ ከወንዱ ይልቅ እንስራ የተሸከመችው ታውቃለች።

ሌሎቻችሁ፣ ዲሲም ሁኑ ዱባይ፣ በዚህ ሳምንት ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ «በልጅነታችሁ የከተማው ሹም ማን ነበር? ምን ሠራ? ምን በደለ?» መልሱን በወረቀት አስፍሩት። የሰማችሁትን በጎ ሥራ እዚህ ኮሜንት ላይ ከስሙ ጋር ጻፉልኝ። በደል ከሆነ ግን ከሌላ ሰው ሳታጣሩ የማንንም ስም አታንሱ፤ የሙት ስምም ክብር አለው። እኔ እየሰበሰብኩ በደብተር አሰፍረዋለሁ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ አባቶቻችን? ቃሉን እንደሆነ ወርሰነዋል፤ ጽሑፉ ነው የቀረን።

ቸር ያሰማን። ሰላማችሁ ይብዛ።